ይድረስ ለአቶ «ይመከራል»፣ ካሉበት ፋይል

ጤና ይስጥልኝ አቶ ይመከራል፣ እንዴት ከረሙ? እኔ እዚህ ጎንደር ፒያሳ የኮምፒውተር ፅሁፍና ፎቶ ኮፒ ያለኝ ሴትዮ ነኝ፣ እርስዎ ደግሞ በየዓመቱ በሕፃናት ማሳደጊያው የቁጥጥር ሪፖርት ውስጥ ሆነው በፍላሽ የሚመጡልኝ እንግዳ ቃሌ። ዘንድሮም ከፈትኩዎት፣ ገፅ 7 ላይ እዛችው ቁጭ ብለዋል፦ «የሴት ልጆች ሽንት ቤት በር ስለሌለው እንዲጠምለት ይመከራል።» «እንዲገጠምለት» ለማለት ነው፣ ገ ተዘላ ነው፣ አምናም ካቻምናም እንዲሁ ነበረች፣ ሶስት ዓመት ሙሉ በሩም ገ-ዋም ሳይገጠሙ!

ማሳደጊያውን አውቀዋለሁ፣ ወረቀት ላደርስ ገብቼ አይቻለሁ። በሩ ቦታ የማዳበሪያ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ አንዷ ስትገባ ጓደኛዋ ጫፉን ይዛ ትቆማለች፣ ነፋስ ከመጣ ለሁለት ነው የሚይዙት። ልጆቹ ከእርስዎ ይሻላሉ እኮ፣ ቢያንስ ከረጢቱ ይታዘዝላቸዋል።

ተቆጣጣሪዎቹን አልወቅስም፣ በባጃጅ ተንገጫግጨው ሄደው ፎቶ አንስተው ልጆቹን አናግረው ጫማቸው ጭቃ እንደሆነ ነው እኔ ጋ የሚመጡት፣ እርስዎ ላይ ሲደርሱ ግን በቃ እጃቸው ይታሰራል። ከዛ የሚመለከተው ቢሮ «በትኩረት እየተሰራበት ነው» ብሎ ይመልሳል (እሷንም የምተይባት እኔው ነኝ)።

የሚገርመኝ፣ ቅዳሜ ገበያ መንገድ ዳር ቲማቲም የዘረጋችን እናት ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ቲማቲሙ እንዲነሳ ይመከራል» ሲላት ሰምተው ያውቃሉ? ጠቅልሎት ነው የሚሄደው! እኔም ግብር ባሳልፍ ማንም አይመክረኝም፣ ሱቄ ላይ «ታሽጓል» ይለጠፋል። የኔን በር ማሸጊያ አለ፣ የልጆቹን በር መግጠሚያ ጠፋ። ሕገ መንግሥቱማ ከ1987 ጀምሮ አንቀፅ 36 ላይ ልጆችን በሚነካ ነገር ሁሉ የልጆቹ ደህንነት ይቅደም ይላል፣ ቲማቲሙ ቀደመ እንጂ።

እና ልለምንዎት፣ እርስዎ ይውጡና በቦታዎ «በ30 ቀን ካልተገጠመ ከቢሮው በጀት ተቆርጦ ይገጠማል፣ ኃላፊውም ፍርድ ቤት ይቀርባል» የምትል ትግባ። ረዘመች ካሉ ፊደሉን አሳንሼ አስገባታለሁ፣ አንድ ብር አልጨምርም።

እስከዛው እንደ ልማዳችን ዓመተ ምህረቱን ብቻ ቀይሬ 4 ኮፒ አውጥቼዎታለሁ። ገ-ዋን ግን ማንንም ሳላስፈቅድ አስገብቻታለሁ፣ እሷ ተገጥማለች።

አክባሪዎ፣
ባለ ፎቶ ኮፒዋ