ጁፒተር ክፍት ነው፤ ካቢኔቱ ተቆልፏል

ባለፈው ወር አንዲት ፕሮፌሰር በጡረታ ሲሰናበቱ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። በዕውቀቴ ተጋብዤ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አሜሪካ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተርና ሰርቨር ከሚጠብቁት ሠራተኞች አንዱ ስለሆንኩ፣ ፕሮጀክተሩ መሀል ላይ ቀጥ እንዳይል እንድከታተል ነው የተላክሁት። ፕሮጀክተሩ ምንም አልሆነም። የሆንኩት እኔ ነኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ብቻዬን ከሚከነክነኝ እናንተንም ይከንክናችሁ ብዬ ነው።

ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን የፈጁት የግዙፎቹን ፕላኔቶች፣ የጁፒተርን፣ የሳተርንን፣ የዩራነስንና የኔፕቱንን ከባቢ አየር በማጥናት ነው። እግር የሚያርፍበት መሬት የሌላቸው፣ ከደመናው በታች ሌላ ደመና፣ ከዚያም በታች እየታመቀና እየጋለ የሚሄድ ጋዝ ያላቸው ዓለሞች ናቸው። አገር ቤት ላለው ታላቅ ወንድሜ ደውዬ ይህንኑ ብነግረው፦

«መሬት ከሌለው ምኑን ነው የሚያጠኑት?» አለኝ።

«አየሩን።»

«አየር ለማጥናት አርባ አምስት ዓመት?»

«አዎ።»

«ደመወዝ እየተከፈላቸው?»

«እየተከፈላቸው።»

ጥቂት ዝም አለና «አንተ ደግሞ እዚያ ድረስ ሄደህ ኮምፒውተር ትጠብቃለህ» ብሎኝ ወደ ሌላ ወሬ ገባ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ መንኮራኩሮቹም ቀጠሮ የሚይዙት በእሱ ነው። በ1979 ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ተራ በተራ በጁፒተር አጠገብ ሲያልፉ ሴትዮዋ ገና ተማሪ ነበሩ። ሥራቸው ፎቶግራፍ ማነጻጸር ነበር። አንዲት የደመና ቁራጭ አሁን እዚህ ጋ ናት፤ ጁፒተር አንዴ በዛቢያው ላይ ሲዞር፣ ማለትም 10 ሰዓት ከማይሞላ ጊዜ በኋላ፣ እዚያ ጋ ትገኛለች። የሄደችበት ርቀት ለጊዜው ሲካፈል የንፋሱ ፍጥነት ይወጣል። አለቀ። ይህንኑ በደመና ላይ ደመና፣ አንድ በአንድ፣ ዓይን እስኪፈዝ። በዚሁ ዓይነት ቆጠራ ነው በኋላ፣ በ1989፣ ከፀሐይ ከሁሉም የራቀው ኔፕቱን ላይ በሰዓት ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ንፋስ የተገኘው።

ዋናው ጥያቄያቸው ግን ውሃ ነበር። ጁፒተር ውስጥ ምን ያህል ውሃ አለ? ፕላኔቱ የት አካባቢ፣ ከምን ዓይነት በረዶ ተጠራቅሞ እንደተሠራ የሚመሰክረው ውሃው ነው፤ መብረቅና ማዕበሉንም በአብዛኛው የሚያቀጣጥለው እሱ ነው። ችግሩ፣ ውሃው ያለው ላይ ላዩን ከሚታየው የአሞኒያ ደመና በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ ወርዶ መለካት ያስፈልጋል።

ለዚህ የታሰበችው ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር ነበረች። ልትነሣ ስትል በ1986 የቻሌንጀር መንኮራኩር ከነተሳፋሪዎቿ አየር ላይ ፈነዳች፤ የጋሊሊዮም ጉዞ ተራዘመ። በ1989 ተነሣች። በ1991 ደግሞ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ትልቁ አንቴናዋ አልዘረጋ አለ። ሰዎቹ በትንሿ አንቴና መረጃውን እየቆነጠሩ መቀበል ያዙ። ዲሴምበር 7 ቀን 1995 ከመንኮራኩሯ ቀድሞ የተለየው መርማሪ መሣሪያ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር እየተወነጨፈ ጁፒተር ውስጥ ገባ፤ ፓራሹቱን ዘረጋ፤ 57 ደቂቃ ያህል የለካውን እየላከ ወረደ፤ ከዚያ ሙቀቱ አሸነፈውና ዝም አለ።

ሃምሳ ሰባት ደቂቃ! ሴትዮዋ ለዚያች ሰዓት ላልሞላች ጊዜ 16 ዓመት ጠብቀዋል። የመጣው መልስ ምን ሆነ? ደረቅ። የተጠበቀው ውሃ የለም።

ብዙዎቹ «መሣሪያው የገባው ደረቅ አየር ወደ ታች በሚሰምጥበት፣ ደመናው በሳሳበት ቦታ ስለሆነ ነው» አሉ። በረሃ ላይ ያረፈ እንግዳ ምድር ዝናብ አታውቅም ብሎ ቢመለስ እንደማለት ነው። ሴትዮዋ አልተዋጠላቸውም። የለም፣ ጁፒተር ራሱ ደረቅ ነው ብለው ጻፉ፤ ተከራከሩ፤ አስተማሩ። በ2016 ጁኖ የተባለችው መንኮራኩር ከደመናው በታች ዘልቆ የሚያይ የማይክሮዌቭ መሣሪያ ይዛ ደረሰች። በ2020 የወጣው ውጤት፣ በጁፒተር ወገብ አካባቢ ካሉት የከባቢ አየር ሞለኪውሎች 0.25 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው አለ። ከፀሐይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ድርሻ ተነሥቶ ሲሰላ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው።

እንግዲህ በስንብቱ ዕለት ያንን ደረቅ ነው ያሉበትን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አወጡት። ርዕሱ ላይ በቀይ ትልቅ ኤክስ ተሠርቶበታል። «ተሳስቼ ነበር» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎ ዩራነስ መጣ። በ1986 ቮዬጀር 2 ስታልፍበት ደመና ማዕበል የማይታይበት ድፍን ያለ ነገር ስለነበረ፣ «እሱ ላይ ጊዜህን አታጥፋ» ብለው አንድ ተማሪያቸውን መክረው ነበር። ዩራነስ ግን ፀሐይን ለመዞር 84 ዓመት ይፈጅበታል፤ አንዱ ወቅት ብቻ 21 ዓመት ነው፤ ቮዬጀር የደረሰችውም አንዱ ዋልታው ፀሐይ ላይ በተደገነበት ወቅት ነበር። ወደ 2007፣ ፀሐይ ከወገቡ ትይዩ ስትሆን፣ ደመናው ተንቀሳቀሰ፤ ማዕበሉ ተነሣ። «በአንድ ወቅት አይቼ ለዘላለም ፈረድኩበት፤ ተሳስቼ ነበር» አሉ። ሦስተኛም ስህተት ነበራቸው፤ እሱ እንኳን አልገባኝም። ሰው ግን ተነሥቶ አጨበጨበ። ያ የተመከረው ተማሪ፣ ዛሬ ጸጉሩ የሸበተ፣ ከሁሉም አብልጦ እያጨበጨበ ነበር።

እኔ እጄን አጣምሬ ቀረሁ። በሕይወቴ አንድም አስተማሪ፣ አንድም አለቃ «ተሳስቼ ነበር» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ይህ ግስ የሚረባው በሦስተኛ መደብ ብቻ ነው፦ ተሳስቷል፣ ተሳስታለች፣ ተሳስተዋል። በአንደኛ መደብ ሲመጣ «ንግግሬ ተዛብቶ ነው» ይሆናል።

ይህስ ይሁን። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ሴትዮዋ ለማንም የሚሰጡት ነገር እንዳለ ተናገሩ። መረጃው ሁሉ ክፍት ነው። ማንም ገብቶ ይውሰድ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ የመንኮራኩሮቹ መረጃ ሁልጊዜም ለሕዝብ በሚከፈት ማኅደር ነው የሚቀመጠው። እኔ ግን የደነገጥኩት የዚያን ጥቅም በምሳሌ ሲያሳዩ ነው። ቮዬጀሮች በ1980 እና 1981 ሳተርንን ፎቶ አነሡ። ፎቶዎቹን ስንቱ አየ፣ ስንቱ ጻፈ። በሰሜን ዋልታው ዙሪያ፣ እያንዳንዱ ጎኑ ከመላዋ ምድር ስፋት የሚበልጥ ባለ ስድስት ማዕዘን የንፋስ ጅረት መኖሩን ግን ዴቪድ ጎድፍሬይ የተባለ ተመራማሪ እነዚያኑ አሮጌ ፎቶዎች ገጣጥሞ በ1988 አወቀ። የ1986ቱን የዩራነስ የማግኔት መረጃ ደግሞ ሰዎች ከ34 ዓመት በኋላ እንደገና ከፍተው፣ ከጉዞው ውስጥ የ60 ሰከንድ ያህል ንዝረት ላይ ዓይናቸው አረፈ፤ ፕላኔቱ ከከባቢ አየሩ ወደ ጠፈር የሚጥለው የጋዝ አረፋ ነበር።

በ2009 ጁፒተር ላይ አዲስ ጥቁር ጠባሳ ወጣ፤ አንድ ነገር ወድቆበት ነበር። መጀመሪያ ያየው ማን ይመስላችኋል? አንቶኒ ዌስሊ የተባለ አውስትራሊያዊ የኮምፒውተር ፕሮግራመር ነው፤ ግቢው ውስጥ ባቆመው ቴሌስኮፕ። እንደ እኔው ኮምፒውተር ሲነካካ የሚውል ሰው! ለባለሙያዎቹ ነገራቸው፤ እነሱም «ደብዳቤ አለህ ወይ?» ሳይሉት ሃዋይ ያለውን ትልቁን ቴሌስኮፕ ወደ ጁፒተር አዞሩ።

ደብዳቤ ስል ሆዴ ተገላበጠ። ልንገራችሁ።

እኔም በጊዜዬ ያጠናሁት ሜትሮሎጂ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ዝናብ ነበርና የ20 ዓመት የዕለት ዝናብ መዝገብ አስፈለገኝ። መዝገቡ ነበረ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ግራጫ የብረት ካቢኔት ውስጥ፣ ተቆልፎ። ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ነው። «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ማኅተሙ አይነበብም።» እንደገና አስመታሁ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። ኃላፊው አሁን እዚህ ነበሩ። ነገ ና። ሦስት ወር ሙሉ ነገ ሄድኩ። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው።

«ልጄ፣ ይህ መረጃ እኮ ብዙ የተለፋበት ነው» አሉኝ።

«ገብቶኛል ጋሼ። ስለተለፋበት ነው የፈለግሁት።»

«እኛም አንድ ቀን እንሠራበታለን።»

ርዕስ ቀየርኩ። ስለ ሌላ ነገር ጽፌ ተመረቅሁ፤ ስለምን እንደጻፍኩ ዛሬ ብትጠይቁኝ በቅጡ አላስታውስም። ከዓመታት በኋላ አንድ የክፍል ጓደኛዬ እዚያ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ገብቶ ስለ ካቢኔቱ ጠይቆልኝ ነበር። ጣሪያው አፍስሶ፣ የዝናቡ መዝገብ በዝናብ በስብሷል። ቁልፉ ግን ደህና ነው አሉት።

ስልኩን እንደያዝኩ ሳቅሁ። ከስንት ዓመት በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ ያ የ60 ሰከንድ ንዝረት ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ነው ያልሳቅሁት። ከ3 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ የመጣ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ ከእኔ አንድ በር አልፎ ያለው ግን በመለመን ብዛት አልተገኘም።

ፈረንጅ ቅዱስ ስለሆነ ነው እንዳትሉ። ሰርቨሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ አውቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ቢቻላቸው መረጃቸውን ትራሳቸው ሥር አድርገው ይተኛሉ። አዘውትሮም መጀመሪያ ጥቂት ወራት ለራሳቸው ብቻ የሚያዝላቸው ጊዜ አለ፤ ያ ጊዜ ሊያልቅ ሲል የሚታየውን ሩጫ ባያችሁ። ሲያልቅ ግን አስረክቡ የሚል ውል አለ፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ መረጃውም የሕዝብ ነው። ደግነትን አልጠበቁም፤ ውል ጻፉ። ሥራውም ምቾት እንዳይመስላችሁ። ሴትዮዋ ከጥናቱ እኩል የገንዘብ ማመልከቻ ሲጽፉ ነው የኖሩት። ሳተርን ውስጥ እንደ ጁፒተሩ በፓራሹት የሚወርድ መሣሪያ እንዲላክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲጠይቁ ከርመው ውድቅ ሆኖባቸዋል፤ እስከ ዛሬም አልተላከም። ወጣቶቹ ዶክተሮች ደግሞ ሁለት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት እዚያ በኮንትራት እየተንከራተቱ፣ ትዳርም ልጅም ወደ «ቀጣዩ ኮንትራት» ያሸጋግራሉ። እነሱን ሳይ ወንድሜ የጠየቀው የደመወዝ ጥያቄ ትክክል ነበር እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ2022 የአሜሪካ የፕላኔት ሳይንቲስቶች የቀጣዩን አሥር ዓመት ዕቅድ ሲያወጡ ዩራነስን የምትዞር፣ መርማሪ መሣሪያም የምትጥልበት ትልቅ መንኮራኩር ከሁሉ ቀዳሚ ትሁን አሉ። ቶሎ ቢሠራላት እንኳ የምትደርሰው በ2040ዎቹ ነው። ሴትዮዋም መሣሪያው ምን ምን መለካት እንዳለበት ሲጽፉ ሁለት ዓመት ፈጁ። መንኮራኩሯ ስትደርስ ዘጠና ዓመታቸው ነው የሚሆነው። «ይደርሱበት ይሆን?» ብዬ አጠገቤ የነበረችውን ተማሪ ብጠይቃት፣ ጥያቄው ምኑ እንደሆነ አልገባትም።

ስብሰባው ሲያልቅ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ካርቶን ተቀምጦ ነበር። የአርባ አምስት ዓመት የሥራ ደብተሮቻቸው ናቸው። «ማንም የሚፈልገውን ይውሰድ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ገመድ እየጠቀለልኩ ቆይቼ ሰው ሲቀንስ ጠጋ አልኩና አንዱን አነሣሁ። የዲሴምበር 1995 ደብተር ነው። የዚያች የ57 ደቂቃ ስሌት በእርሳስ ተጽፎ፣ ጠርዙ ላይ «ደረቅ!» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል። ምን እንደማደርግበት አላውቅም፤ ብቻ ለቅቄው መሄድ አቃተኝ። ቤቴ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩትና፣ ልጆች እንዳይጫወቱበት ብዬ ቆለፍኩት።

ባለፈው ሰኞ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ለመምሪያው ሠራተኞች ሁሉ ኢሜይል ላከ። የ1995ቱን ደብተር የወሰደ ሰው ካለ፣ ከአዲሱ ውጤት ጋር ላነጻጽረው ስለምፈልግ አንድ ቀን ብቻ ያውሰኝ ይላል። በትሕትና ነው የጻፈው። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በእርግጥ ብዙ የተለፋበት ደብተር ነው፤ እኔም አንድ ቀን በደንብ ላየው አስቤ ነበር። ነገ እመልስለታለሁ።