ኦርጋን በኪሎ

ሰሞኑን እዚህ ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ላጽዳ ብሎ አሮጌ ንብረቱን በጅምላ ሸጠ። የተሰበረ ወንበር፣ የዛገ መደርደሪያ፣ ከመሃላቸው ደግሞ አንድ ፋርፊሳ ኮምፓክት የሚባል የድሮ ኤሌክትሪክ ኦርጋን። በኪሎ! ምነው ብዬ ስጠይቅ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሰውዬ ሳቁብኝ፦ «ወንድሜ፣ የሱ ድምፅ እኮ አሁን በስልክ አፕ አለ።»

የእንጀራ ፎቶም በስልክ አለ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን እሳቸውም ወደ ቤታቸው ነው የሚሮጡት።

ይሄን ዕቃ ሁለት ዓመት ፈልጌዋለሁ። ኮምቦልቻ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ አለ ተብዬ ብሄድ አኮርዲዮን ሆኖ ተገኘ። (ዘመዱ ነው እርግጥ፤ ፋርፊሳን እ.ኤ.አ. በ1946 ያቋቋሙት የጣሊያን አኮርዲዮን ሠሪዎች ናቸው።) አዲስ አበባ ያለው ደላላ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን አጠፋ። ለካ ኦርጋኑ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ወንበር ተጭኖበት ተኝቷል።

«አዲሱ ኪቦርድ 500 ድምፅ አለው» ይሉኛል። ይኑረው! ፋርፊሳ ውስጥ 12 የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች አሉ፣ ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ። ሰሌዳው ከላይ ያለውን ድምፅ ያመነጫል፤ የታችኞቹ ኦክታቮች (ያችው ኖታ ወፈር ብላ) የሚገኙት የእሱኑ የንዝረት ፍጥነት ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እየከፈሉ ነው። ስለዚህ የአንዱን ሰሌዳ ማስተካከያ ቅንጣት ታህል ብታዞራት ያቺ ኖታ ከላይ እስከ ታች አብራ ትንቀሳቀሳለች። 12ቱን እያዳመጥክ ትቃኛለህ፣ ክራር እንደሚቃኘው፣ በጆሮህ። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ በወሰዱበት አገር፣ በጆሮ የሚቃኝ ኦርጋን ከወንበር እግር ጋር ሚዛን ላይ ይወጣል? አዲሶቹም ቅኝት መቀየሪያ አላቸው፣ እሺ። ሜኑው ውስጥ ገብቶ የተጠቀመበት ሰው ካለ ግን አሳዩኝ።

ዕቃውን በጅምላ የገዛውን የብረት ነጋዴ ሸዋ በር ሰፈር አገኘሁት። ዓይኔን ሲያይ ዋጋው እዚያው በቆምኩበት እጥፍ ሆነ። 9,000 ብር። ወላሂ፣ አልተከራከርኩም። በባጃጅ ቤት አድርሼ ክዳኑን ከፈትኩት፦ አቧራ፣ የአይጥ ጎጆ፣ የተቆራረጠ ሽቦ። ከ12ቱ ማስተካከያዎች ግን የሦስቱ ብቻ ጫፋቸው ተበልቷል። ደጋግሞ ያዞራቸው ሰው ነበር ማለት ነው። ለአምባሰል ነው እላለሁ። አንድ ጓደኛዬ «ቶሎ ቶሎ እየተበላሹ ይሆናላ» አለኝ። እሱ ድሮም ጆሮ የለውም።

አሁን አንዷ ኖታ አትናገርም፣ እሷን እየጠገንኩ ነው። አራተኛው እግር ደግሞ እዚያው መጋዘን ቀርቷል። ኮሚቴው ካልጣለው ይንገረኝ፣ ሚዛኑን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።