ማስተካከያ፦ የፎከስ ስታኪንግ ሶፍትዌርን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ስለማፍጠን

በጅማ የቡና ተባዮችን በቅርበት ፎቶ ለሚያነሱ ባለሙያዎች ቀደም ሲል በተሰራጨው ማስታወሻ፣ ትኩረታቸው በተለያየ ርቀት ላይ ያረፈ ፎቶዎችን አዋህዶ አንድ ጥርት ያለ ምስል የሚያወጣ ሶፍትዌር ፍጥነቱ የሚወሰነው በግራፊክስ ካርዱ ብቻ እንደሆነ ተገልጾ ነበር። ይህ አባባል ለሁሉም ሶፍትዌር ስለማይሠራ እንደሚከተለው ተስተካክሏል።

ከእነዚህ ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ሄሊኮን ፎከስ፣ ስሌትን ለግራፊክስ ካርድ በሚያካፍለው ኦፕንሲኤል በተባለ ስልት አማካኝነት ካርዱን ሊጠቀም ስለሚችል ጥሩ ካርድ በእርግጥ ያፈጥነዋል። ሌላው ሶፍትዌር ዜሪን ስታከር ግን በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራና በዋናነት በፕሮሰሰሩና በራሙ ላይ የሚደገፍ ሲሆን፣ እንዲጠቀም የሚፈቀድለት የራም መጠንም በራሱ ቅንብር ውስጥ የሚወሰን ነው። በመሆኑም የድሮው ቅንብር እንዳለ ከተገለበጠ፣ 32 ጊጋባይት ራም ያለው አዲስ ማሽን በአሮጌው ኮምፒውተር ገደብ ታስሮ ሊንፏቀቅ ይችላል፤ ውድ ካርድ ከመግዛት በፊት መታየት ያለበትም ይኸው ነው።

ሌላው የተዘነጋው ዲስኩ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ16 ቢት ቲፍ የፋይል ዓይነት ሳይታመቅ ሲቀመጥ 144 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ርዝመቷ 2 ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላውን የቡና ፍሬ የምትበሳ ጥንዚዛ በ100 ፎቶ ያነሳ ሰው ከ14 ጊጋባይት በላይ መረጃ ያስነብባል ማለት ነው። ይህን ያህል መረጃ በዩኤስቢ ከተሰካ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ማንበብ ፕሮሰሰሩን ሥራ ያስፈታዋል፤ ፎቶዎቹ አስቀድመው ወደ ውስጠኛው ፈጣን ዲስክ (ኤስኤስዲ) ይገልበጡ።

በሁለት ተከታታይ ፎቶዎች መካከል ትኩረቱ ስለሚንቀሳቀስበት የእርምጃ መጠን በቀደመው ማስታወሻ የተሰጠው ማብራሪያ ባለበት ይጸናል።