ፓስዎርድ የማይነፍግ ሕዝብ

ሰሜን ሸዋ እንግዳ አይመልስም። መንዝ ላይ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ" ላለ መንገደኛ እሳቱ ይቆሰቆሳል፣ ባናው ይወርድለታል። ይኸው ደግነት ዘንድሮ ወደ ሕክምና ቴክኖሎጂም ተሻግሯል። እሰየው ነው።

ደብረ ብርሃን ካሉት ጤና ተቋማት በአንዱ፣ የዋይፋዩ ፓስዎርድ አስተኝቶ ማከሚያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ነው፤ ያልተማረም አይቸገርበትም። አስታማሚው፣ ምሳ ያመጣው አጎት፣ በር ላይ ማስቲካ የሚሸጠው ልጅ፣ ሁሉም ገብቶበታል። የታማሚውን የልብ ምት የሚከታተለው ሞኒተርም እዚያው መስመር ላይ ነው። ቲክቶኩም የልብ ምቱም ተደጋግፈው ይሄዳሉ።

የሞኒተሩ የራሱ ፓስዎርድስ? ፋብሪካው እንደሰጠው አለ። ማኑዋሉ ላይ ስለታተመ ኢንተርኔት የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል። ግን መቀየሩ አምራቹን መናቅ ይሆናል። በፕላስተር ጽፈው ጎኑ ላይ የለጠፉትም አሉ፣ የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር እንዳትቸገር። (እውነት ለመናገር እሷን አልወቅስም። ታማሚ ትንፋሽ ሲያጥረው ፓስዎርድ ስታስታውስ ትቁም? ወቀሳው መሣሪያውን አስገብቶ ማን እንዴት እንደሚከፍተው ሳያስብ ለሄደው ነው።)

ፈረንጆች ይሄ ቸርነት አልገባቸውም። በፈረንጅ 2007 የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ደረታቸው ውስጥ ያለው የልብ መሣሪያ ሲቀየር፣ ሐኪማቸው ገመድ አልባ ግንኙነቱን አስዘጋው። ሰው ከሩቅ ገብቶ ልባቸውን እንዳይነካካ ብሎ! ስስት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? በ2011 ደግሞ ጄይ ራድክሊፍ የሚባል የስኳር ታማሚ የገዛ ኢንሱሊን ፓምፑን በገመድ አልባ ሰብሮ ገብቶ አሳየ። በ2017 አሜሪካ ውስጥ 465,000 ገደማ ፔስሜከሮች (ደረት ውስጥ ተቀብረው የልብ ምት የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች) ሃከር እንዳይገባባቸው ሶፍትዌራቸው እንዲታደስ ተባለ። ታማሚው ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ሦስት ደቂቃ ያህል ይቀመጣል፣ አለቀ። ሦስት ደቂቃ! እኛ "አፕዴት ላድርግ?" የሚለውን ኮምፒውተር "በኋላ" እያልን ዓመት እናከርመዋለን።

በዚያው ዓመት ዋናክራይ የሚባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲያተራምስ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ለካ እዚያም "በኋላ" የሚሉ ዘመዶች አሉን።

እዚሁ አንድ የአይቲ ልጅ "የሕክምና መሣሪያዎቹ ለብቻ ኔትወርክ ይኑራቸው፣ የእንግዳው ዋይፋይ ሌላ ይሁን" አለ። አብዛኛው ራውተር ይሄን ይችላል፤ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ስብሰባ ተጠራ፣ ሻይና ቆሎ ቀረበ። ሰብሳቢው "እዚህ ማን ነው ሃከሩ? ሁላችንም እንተዋወቃለን!" ብለው ቤቱን አሳቁት። ልጁን ግን በባዶ አልሸኙትም፤ ፕሪንተሩን እንዲያይ ላኩት።