ኃይሉ ዛሬ አልነሳም ብሏል

ደብረ ብርሃን ወደ ሚስቴ ቤተሰቦች ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በኅዳር፣ ውርጩ ሣሩን አመድ አስመስሎት ባደረ አንድ ጠዋት ነው። ያኔ ገና እጮኛሞች ነን። እናትየዋ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በር ከፈቱልኝና፣ «ግባ ልጄ፤ አባትየው ጓሮ ናቸው። ኃይሉን ብርድ መትቶት አልነሳም ቢላቸው እያባበሉት ነው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። እጮኛዬ ስለ እህቶቿ እንጂ ኃይሉ ስለሚባል ወንድም ነግራኝ አታውቅም። ከሰው የተደበቀ በሽተኛ ልጅ አላቸው ማለት ነው ብዬ ሆዴ ባባ። የያዝኩትን ብርቱካን ለበሽተኛ መጠየቂያ እንዳመጣሁት ሁሉ ፊቴን አሳዝኜ ወደ ጓሮ ዘለቅኩ።

ጓሮ ያገኘሁት ፒክአፕ ነው። ነጭ፣ ነጠላ ጋቢና፣ ኮፈኑ ላይ የመንዝ ባና የደረበ። ያኔ ገና ያልሆኑት አማቼ ባናው ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ዝም ብለው ቆመዋል። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሃይሉክስ ነው፤ ክሱን አንስተውለት ኃይሉ ቀረ።

ያ ባና በቤቱ ውስጥ ያለ ብቸኛ ባና ነው። እማማ የሚተኙት የከተማው ፋብሪካ በሚሠራው ብርድ ልብስ ነው። አንድ ጊዜ ቀልድ መስሎኝ «እማማስ?» ብል፣ አባባ በጣም ተገርመው አዩኝና «እሷ በራሷ ትነሳለች እኮ!» አሉኝ።

ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በእሳት ብልጭታ አይነሳም። ውስጡ የታመቀው አየር ግሎ ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። በኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ የሚግል ነገር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ቁልፉ ግማሽ ይዞርና ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች፤ ሞተሩ ውስጡ እስኪሞቅ ይጠበቃል። አባባ ይህን ጊዜ የሚለኩት በጸሎት ነው። ለመደበኛ ብርድ አባታችን ሆይ ይበቃል፤ ውርጭ ከጣለ ሰላመ ገብርኤል ይጨመራል። «ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ» ላይ ሲደርሱ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። ሞተሪኖው እንደ ሽማግሌ ሳል ኽህ ኽህ ይልና ወይ ይነሳል ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለ፣ ወደ ቁልቁለቱ መግፋት ነው።

ያን ዕለት ዝም አለ። ብርቱካኔን አጥር ላይ ሰቅዬ፣ ለሽማግሌ ፊት የተገዛ ጫማዬን ጭቃ ውስጥ ተክዬ ገፋሁ። በኋላ እንደሰማሁት አባባ ስለ እኔ ለሚስታቸው የሰጡት ምስክርነት «ልጁ ጉልበት አለው» የሚል ብቻ ነበር። ሥራዬንም ሆነ ዘሬን የጠየቀ የለም። ልጃቸውን በሁለት ዙር ሽማግሌ ሰጡኝ። የኃይሉን ቁልፍ ግን ይኸው ከተጋባን ስምንት ዓመታችን፣ አንድ ቀን እንኳ በእጄ ይዤው አላውቅም።

ግቢው ተዳፋት ላይ የተሠራበትንም ምክንያት ያወቅኩት ያኔ ነው። እማማ ባልዲ ይዘው ሽቅብ በወጡ ቁጥር «ይሄን ገደል ማን መረጠው?» ይላሉ። ኃይሉ ነዋ የመረጠው።

ኃይሉ በፈረንጆቹ 1990 የተሠራ ነው። አባባ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ነው ያወጡት፤ በሩ ላይ ተለጥፎ የነበረው ምልክት ቢላጥም ቅርጹ እስከ ዛሬ እንደ ጠባሳ ይታያል። ጃፓኖች ይህን የመኪና ዘር በ1960 ዓ.ም. ሲጀምሩት ስሙን የቀጠሉት «ሃይ» እና «ላግዠሪ» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። በእኛ አፍ፣ ከፍ ያለ ድሎት።

ድሎቱን ልንገራችሁ። ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል። ሾፌሩ አባባ ናቸው፤ በበሩ በኩል እማማ፤ መሐል አማች። መሐል ከወለሉ ሁለት ዘንግ ብቅ ይላል፤ አንዱ የማርሹ ነው፣ ሌላው ጭቃ ሲመጣ የፊት ጎማውንም የሚያስነክሰው። አማች እግሩን ከፍቶ እንደ ፈረሰኛ ይቀመጣል። አንደኛና ሦስተኛ ማርሽ ወደ ፊት ስለሚገቡ ሰላም ነው። ሁለተኛና አራተኛ ግን ወደ ኋላ ይሳባሉ፤ ከኋላ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የጣርማ በር ዳገት የሚወጣው በሁለተኛ ነው። እንግዲህ ቀሪውን ራሳችሁ አስቡት፤ አማቶቼ ባሉበት ዝርዝር አያስፈልግም።

ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ይሳሳል። አዳዲሶቹ መኪናዎች አየር በግድ እየገፋ የሚያስገባላቸው ቱርቦ አላቸው፤ ኃይሉ ቱርቦ የለውም፣ አየር ተርቦ ነው የሚወጣው። ናፍጣው እንደ ልማዱ ይገባል፣ አየሩ ግን ይጎድላል፤ ዱቄቱ በዝቶ ውሃው እንዳነሰ ገንፎ ሳይበስል ይቀርና በማርሚታው በኩል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀን ከኋላችን የነበረ የአውቶቡስ ሾፌር እንደ ምንም ደርሶብን፣ ጎን ለጎን ሲሆን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«ምን ይላል?» አሉ አባባ።

«ጢስ ነው ይላል።»

«ለዳገቱ ዕጣን ነው በለው።»

ከዚያ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ቁልቁል መንደርደር ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ካፖርት ለብሶ የተነሳ ሁሉ በሸሚዝ ይቀራል። ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ግድም ወርዷላ። እዚያ ኃይሉ ገና ቁልፉ ሲነካ እርር ብሎ ይነሳል። አባባ ይህን አይወዱትም። «ያለ ጸሎት ሲነሳ ያስፈራኛል» ይላሉ።

ከቆላ የሚመለሰው ሽንኩርት ይዞ ነው። ፋብሪካው አንድ ቶን ግድም ይችላል ብሏል፤ 10 ኩንታል መሆኑ ነው። አባባ ቁጥሩን አይክዱም፣ «የጃፓን ኩንታል ነው» ይላሉ እንጂ። ባሌስትራ አስጨምረውለታል። ባዶውን ሲሄድ እንዳልተገራ ፈረስ ይዘላል፤ አደብ የሚገዛው 18 ኩንታል ሲጫንበት ነው። ከመንዝ ገብስና በግ፣ ከጫካ ባሕር ዛፍ፣ ለዘመድ ኩበት ያመላልሳል። ጠዋት ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ ከሰዓት ያንኑ ፍራሽ አራግፎ ለጥምቀት ሞንታርቦ ተሸክሞ በእልልታ መሐል ይሄዳል። ማታ ስፖንዳው ላይ ዶሮ ይሰፍርበታል።

ድሮውንም አሮጌ መኪና በእኛ አገር ዋጋው ሲወርድ አይቼ አላውቅም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ደላሎች ግቢያችንን እንደ ደጀ ሰላም ይሳለሙታል። አንዱ ደላላ በቀደም መጥቶ ዋጋ ጠራ። የጠራው ብር እኔን ከነሚስቴ ኮንዶሚኒየም ያስገባል። አባባ ቡና አስፈልተው፣ በትዕግሥት አዳምጠው፣ ሲጨርስ «ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ ነፍሱ ግን የእሱ ናት፤ እሱን ጠይቀው» ብለው ወደ ጓሮ አሳዩት። እኔ ልጠይቅለት ምንም አልቀረኝም።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ዋናው የአባባ ሥራ ማማረር ነው። ስልካቸው ሲጮህ ገና ሳያነሱ «ይኸው! ሎሌያቸው ነኝ እኔ!» ይላሉ። የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ጎላ ድስቶቹ፣ ሁሉም በኃይሉ ነው የሚጓዙት። አባባ ሲጭኑ ያማርራሉ፤ ሲያወርዱ «ለናፍጣ» ተብሎ የተዘረጋላቸውን ብር ተቆጥተው ይመልሳሉ፤ ማታ ደግሞ ብሩን የመለሱበትን ቁጣ ለእማማ እየተረኩ ያማርራሉ። አንድ ስብሰባ ላይ ተነስተው «ጎበዝ፣ መኪናውም እኔም አርጅተናል፤ ኧረ እዘኑልን!» አሉ። ዕድርተኛው አዘነላቸው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የዕድሩ አባል አረፉ። መዘዞ ማዶ ከአባቶቻቸው አጠገብ ቅበሩኝ ብለው ተናዘዋል። የዕድሩ ዳኛ አስቦ፣ ለአባባ ተጨንቆ፣ አዲስ የቻይና ጭነት መኪና ተከራየ። ጥሩምባው ሲነፋ አባባ የኃይሉን ባና አንስተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ አስነስተው በር ላይ ይጠብቃሉ። ማንም አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ያ አዲሱ መኪና ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ተሸክሞ በቤታችን በኩል አለፈ። በዝግታ፣ ያለ ጢስ።

አባባ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እሳቸው በሕይወታቸው ከኃይሉ በቀር በምን ሄደው ያውቃሉ?» አሉ። እውነት ነው፤ ሟች ኃይሉን በመለመን የሚወዳደራቸው አልነበረም። «ግባ!» አሉኝ። ገባሁ፤ መሐል። እማማ በበሩ በኩል ናቸውና።

ስፖንዳው ላይ ገመድ፣ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማና አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ አለ። «ምናልባት ከቆመ» አሉ አባባ፤ ማን እንደሚቆም አልተናገሩም። ጣርማ በር ድረስ ተከተልነው። ታጥፎ ወደ መንዝ ሲገባ ተከተልነው። በየዳገቱ አባባ ወደ መሪው ተደፍተው የዚያን መኪና ጭራ ያያሉ። «አሁን ይሞቃል» ይላሉ። አይሞቅም። «ይቺ ኩርባ ላይ ይንተፋተፋል።» ንቅንቅ አይልም። ከቀብር ይልቅ ለእርዳታ የተዘጋጀ ሰው እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም። መዘዞ በሰላም ገባን። ሟቹ በክብር ተቀበሩ፤ አባባ አለቀሱ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሲመለስ ዕቃው እንደገና ያ መኪና ላይ ተጫነ። አባባ ራቅ ብለው የኃይሉን ጎማ በእግራቸው ይመታሉ፤ የሚመታ ነገር ሲጠፋ መሬቱን። ከዕድሩ ሴቶች አንዷ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴትዮ፣ ይህን ሲያዩ ቆዩና ወደ ወጣቶቹ ዞረው «ያችን ትልቋን ጎላ አውርዷት» አሉ።

«ለምን እማማ? በደንብ ተቀምጣለች እኮ!»

«አውርዷት አልኩ! እዚያ ትንኳኳለች።» ወደ አባባ መጡ። «ወንድሜ፣ እባክህ ይህቺን ጎላ አንተ ያዝልን።»

አባባ ድስቷን ተቀብለው ስፖንዳው መሐል አስቀመጧት። በገመድ አንድ ጊዜ አሰሯት፤ አልበቃቸውም። በሁለተኛ ገመድ ደገሙ። ከዚያ የኃይሉን ባና ከመቀመጫው ኋላ አውጥተው ጠቀለሏትና በሦስተኛ ገመድ ወጠሯት። ጋቢና ገብተው ቁልፉን ግማሽ አዞሩ፤ ቢጫዋ መብራት በራች። «ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ» ብለው አስነሱ። ሁለተኛ ማርሽ ወደ ሆዴ እየሳቡ፣ «እኔ እኮ የእነዚህ ሰዎች ነገር! አሁንስ አበዙት!» አሉ።

ደብረ ብርሃን እስክንገባ አላቋረጡም።