ለተማሪ መለማመጃ

ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ፣ ቡና እየጠጣችሁ «መነጽሬ አልሆን አለኝ» ብትሉ ምክሩ ያው ነው። «ምን አስጨነቀህ? በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሂድ። ተማሪዎቹ ያዩሃል። ዋጋው ይሻላል፣ ደግሞ ምንም አያልፋቸውም።»

ይኸው መካሪ ማታ አገር ቤት ሲደውል ሌላ ሰው ይሆናል። «ኧረ የመንግሥት ሆስፒታል እንዳትሄዱ! ተማሪ ነው የሚለማመድባችሁ። ብር ልኬያለሁ፣ የግል ሂዱ።»

በሰው አላመካኝም። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ኡበር ነው የምነዳው። ባለፈው ዓመት ማታ ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ይበተንብኝ ጀመር። የጤና ኢንሹራንስ አለኝ። ግን አሜሪካ ውስጥ ዓይንና ጥርስ የሰውነት ክፍል አይደሉም መሰለኝ፣ ኢንሹራንሳቸው ለብቻ ነው። አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ያለ መነጽር ቤት ገባሁ። ምርመራውን፣ ፍሬሙን፣ ሌንሱን፣ የሌንሱን ቅብ ሳይቀር ደምረው ሲነግሩኝ ከወር የመኪና ክፍያዬ በለጠ። አመስግኜ ወጣሁ።

የበርክሌይ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1923 የተጀመረ ነው። ክሊኒኩ የተማሪና የአስተማሪ ብቻ አይደለም፣ ከመንገድ የመጣ ሰውም ቀጠሮ ይይዛል። የሚያያችሁ ኮሌጅ ጨርሶ የአራት ዓመቱን የኦፕቶሜትሪ ትምህርት የገባበት ልጅ ነው። ኦፕቶሜትሪስት ዓይን ይለካል፣ በሽታ ይለያል፣ መነጽር ያዛል። ኦፕራሲዮን የሚያደርገው የዓይን ሐኪም ሌላ ነው። እኛ ሁለቱንም «የዓይን ዶክተር» ብለን ጠቅልለናቸዋል።

እኔን ያየችኝ ልጅ እጇ ቀዝቃዛ ነበር። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደገፈችኝ። ሌንሱን ቀጭ ቀጭ እያደረገች «አንዱ ይሻላል ሁለቱ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሁለቱም አንድ ሆኑብኝ። ፈተና ላይ መልሱ እንደጠፋው ተማሪ ላብ ላብ አለኝ። «አንድ ናቸው» ማለትም መልስ መሆኑን የነገረችኝ ዘግይታ ነው። ሌንሱ ብቻ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ አስተማሪዋ መጥተው ከመጀመሪያው ጀመሩት። አንዲት ቁጥር ቀየሩና ለምን እንደቀየሩ ለልጅቷ አስረዷት። ልጅቷ ጻፈች። እኔም ብሆን ሰማሁ፣ በነጻ ተማርኩ።

ቀጥሎ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ መጣ። ሴትዮዋ የዓይኔን ጀርባ እያዩ ትንሽ ዝም አሉ። ዝምታው አልጣመኝም። «ሌሎች ተማሪዎችም ቢያዩት ትፈቅዳለህ?» አሉኝ። ፈቀድኩ። ሦስት ልጆች ተሰልፈው አንድ በአንድ ዓይኔን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ አጮለቁበት። ነገሩ ምንድን ነው ብል፣ የዓይኔ ነርቭ መሀሉ ከተለመደው ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ነው። ተፈጥሮዬ ሊሆን ይችላል፣ የግላኮማ መጀመሪያም ሊሆን ይችላል። ግላኮማ ጥቁር ሰው ላይ ይበዛል፣ ቀደም ብሎም ይመጣል። ሳያሳምም ከዳር ከዳር እይታን እየበላ ስለሚሄድ ሰው የሚነቃው ብዙ ከሄደ በኋላ ነው። በስድስት ወር ተመለስ ተባልኩ።

ከገባሁ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆኖኛል። ርካሽ የምንለው እንግዲህ ይህን ሳንቆጥር ነው። የአንድ ከሰዓት ገቢዬ ሄደ። ስወጣ ፀሐዩ ፊቴ ላይ ፈነዳ። እንደ ወረቀት የሚጠቀለል የፕላስቲክ ጥቁር መነጽር ሰጥተውኛል፣ እሱን አድርጌ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ስልኬን ማንበብ አልቻልኩም፣ መንዳቱማ አይታሰብም። ጓደኛዬ መጥቶ ወሰደኝ፤ እስኪደርስ ድረስ ደህና አድርጎ ስቆብኛል።

እጄ ላይ ግን ማዘዣዬ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ባለ የፌዴራል ደንብ መርማሪው የመነጽር ማዘዣችሁን ሳትጠይቁ፣ ሳትከፍሉበት፣ ከእሱ መነጽር ባትገዙም እንዲሰጣችሁ ይገደዳል። ይህን የማያውቅ ወገን ብዙ ነው። ኢንተርኔት ላይ ለመግዛት ካሰባችሁ የሁለቱ ብሌኖቻችሁን ርቀትም ጠይቁ፣ እሱን መስጠት በዚህ ደንብ ግዴታ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የለም። ሂውስተንና ኒውዮርክም እንዲህ ያሉ የማስተማሪያ ክሊኒኮች አሉ። ዲሲ ያላችሁ ግን አልቀናችሁም። ያን ያህል ሐበሻ ተሰብስቦ ቅርቡ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት ፊላደልፊያ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በየዋትሳፑ ጥሪ «ዓይኔን ጭጋግ ጋረደኝ» ይሉኛል። እኔ ዶላር ላኩ። የግል ቤት ሄዱ። አሥር ደቂቃ አይተው መነጽር ሸጡላቸው። አልሆነም አሉ፣ ሌላ ሸጡላቸው። ጠብታ እንኳ አላደረጉላቸውም። እኔም እዚህ ሆኜ «የግል ነው እኮ» እያልኩ እኮራለሁ።

ለፋሲካ ስገባ ነው ጉዱን ያየሁት። አክስቴ ዳዊት ይደግማሉ። መጽሐፉን ይዘው ገጹን በሰዓቱ እየገለጡ፣ ቃል ሳይስቱ ይወርዱታል። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳይ መጽሐፉን ዘቅዝቀው ነው የያዙት። ለካ በቃላቸው ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «ማንበብ አላቆሙም፣ ደህና ናቸው» ሲል ከርሟል።

በማግስቱ ጎረቤት ባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ስሙን አልጠራም፤ ካርድ ለማውጣት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው የተሰለፍነው። ከኋላችን የነበሩት ሰውዬ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበሩ። እዚህ ማንም «በስንት ሰዓት ይመችሃል» አይልህም።

ውስጥ ስንገባ ያገኘነው ግን በርክሌይን ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ እግሩ ወዲህና ወዲያ የሚዞረውን የE ምልክት አሳይቶ «በእጅዎ ያመልክቱ» አላቸው። አክስቴ ተቆጡ። «ፊደል የለህም? ማንበብ እችላለሁ እኮ!» ጠብታ ተደረገላቸው። ሬዚደንቷ፣ ማለት የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ የምትማረዋ ሐኪም፣ አየች፣ ቀጥላ የምታስተምራትን ሲኒየር ሐኪም ጠራች፣ አምስት ተማሪዎች ከበቧቸው። ፈቃድ የጠየቀ የለም። እኔ በአሜሪካ ወጌ «ሳይጠይቁ እንዴት?» ልል አፌን ስከፍት፣ አክስቴ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው «ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ፣ ብርሃን አይንሳችሁ» እያሉ ይመርቃሉ። ዝም አልኩ። አሁንም ግን መጠየቅ ነበረባቸው ባይ ነኝ።

ሁለቱም ዓይናቸው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በመነጽር አይነሳም፣ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሹ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው ሰው 1.6 ዓይነ ስውር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዚሁ ሞራ። የኔ አክስት ሁለት መነጽር ገዝተው ወደዚያ ቁጥር ሲያዘግሙ ነበር፣ በኔ ዶላር።

ደግሞ ተማሪ ተማሪ እንላለን እንጂ፣ ሐኪሙ ሁሉ ከዚያው ነው የሚወጣው። የዓይን ሐኪሞች ምኒልክ ሆስፒታል ሲሠለጥኑ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ጎንደር ኦፕቶሜትሪን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመት ገደማ ሆነው። የግሉ ቤት ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሶ የተቀመጠውም ትናንት እዚያው የአንዷን እናት ዓይን እያየ ነው የተማረው። ልዩነቱ በርክሌይ አስተማሪዋ እኔ ጋ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ መቻላቸው ነው። ያቺ ሲኒየር ግን ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ይጠብቃታል። ያም ሆኖ አክስቴን ራሷ ሳታይ አላሳለፈችም።

የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። የግራው ተራ እየጠበቀ ነው። ባለፈው እሑድ ሲደውሉ ድምፃቸው ከወትሮው ቀነስ አለብኝ። ምነው ብል፣ ዳዊታቸውን ገልጠው ፊደሉን እየተከተሉ ደገሙት አሉ።

«አንዲት መስመር ስዘል ነው የኖርኩት፣ ልጄ» አሉኝ። «ለንስሐ አባቴ ልንገራቸው ወይስ ልተወው?»