ማስተካከያ፦ «ስድስት እጥፍ» የክትባቱ ቁጥር አይደለም

ባለፈው ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባትና ስለ ልብ ስጽፍ «ክትባቱ ሃርት አታክን በስድስት እጥፍ ይቀንሳል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ እኔ ግን ያለቦታው ሰነቀርኩት።

ስድስት እጥፉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣ የካናዳ ጥናት ሲሆን የሚያወራው ስለ ክትባቱ ሳይሆን ስለ በሽታው ነው። ኢንፍሉዌንዛ እንደያዛቸው በላቦራቶሪ በተረጋገጠ ሰዎች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ሃርት አታክ የመከሰት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ስድስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚፈጠረው ብግነት ደም እንዲረጋ ያመቻቻል፣ ልብም በትኩሳቱ ምክንያት ሩጫ ላይ ትሆናለች።

የክትባቱስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሙከራ አለ። 2,571 ሰዎች ተሳትፈዋል፣ አብዛኞቹ ሃርት አታክ ገና የደረሰባቸው ነበሩ። በ12 ወር ውስጥ ከተከተቡት 2.9 በመቶ፣ የማስመሰያ መርፌ ከተወጉት ደግሞ 4.9 በመቶ ሞቱ። ትልቅ ልዩነት ነው፤ ግን ስድስት እጥፍ የት፣ ይሄ የት! ደግሞም ውጤቱ የልብ ታማሚዎች ነው። ጤነኛ ወጣት ያንኑ ያህል ይጠቀማል ማለት አይቻልም።

ሌላም አለ። «በአፍንጫ የሚረጨውም ያው ነው» ብዬ ነበር፣ እሱንም ሰርዙልኝ። የሚረጨው የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ አለው፣ ስለዚህ ለልብ ታማሚ የሚመከረው መርፌው ነው።